ቦራ በሻሊቶች መካከል

ሻሊቶች ከሰንደራ ሰማይ የጠፉት በንጉሥ አዝማሮ የመጨረሻ የአደን ቀን ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ እነዚያ ክንፋቸው ግራጫ፣ አንገታቸው መዳብ የሚመስል ወፎች በየዓመቱ ከቤተ መንግሥቱ ጀርባ ባለው የድንጋይ አምባ ላይ ይሰፍሩ ነበር። በሰፈሩበት ሁሉ ደመና ይከተላቸዋል፤ ደመናውም ይዘንባል። ንጉሡ ግን ስልሳ የጉርዛ ውሾች አስይዞ ወደ አምባው ወጣ፤ ውሾቹም በጎጆዎቹ መካከል ተለቀቁ። የተረፉት ወፎች በአንድ ጊዜ ክንፋቸውን አነሡ፤ ደመናውን እንደ ረጅም ቀሚስ ጫፍ እየጎተቱ ወደ ምዕራብ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ በሰንደራ ምድር አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ንጉሡ በሦስተኛው ዓመት ዙፋኑንና ድርቁን ለልጁ ለንግሥት ኦፍራት ትቶ ሞተ።

በሰባተኛው ዓመት፣ አንድ ማለዳ፣ ኬርታ የምትባል ወጣት የከተማይቱን ታላቅ ገንዳ ልትለካ ወረደች። ሥራዋ ይኸው ነበር። ዘንጉን ወደ ውሃው ታወርዳለች፤ የረጠበበትን ታያለች፤ በወገቧ በታጠቀችው ገመድ ላይ ቋጠሮ ታስራለች። አባቷም ይህንኑ ሲሠራ ኖሮ ሞቷል። በሰባት ዓመት ውስጥ ውሃው ሲቀንስ እንጂ ሲጨምር አይታ አታውቅም። በዚያ ማለዳ አምስት ክንድ ከሁለት ጣት ነበር። በውሃው ላይም አንድ ግራጫ ላባ ተንሳፍፎ አየች። ስታነሣው ከላባው ቀጭን ጉም እንደ ትንፋሽ ይወጣ ነበር።

ላባውን ይዛ ወደ ንግሥቲቱ ገባች። የአምባው ጠባቂ የነበረችው ዓይነ ስውሯ እሜቴ ዘሃና ተጠርታ መጣች። ላባውን ጉንጯ ላይ አሳርፋ ተናገረች።

«ሻሊቶች በሕይወት አሉ። በጭንጋ ረግረግ ውስጥ ናቸው። የወሰዱት ደመናችን እዚያ መሬት ላይ ተኝቶ ጉም ሆኗል። ሻሊት እንቁላሏን የወሰደባትን አትወጋም፤ እንቁላሏን ትከተላለች። አንድ ሰው የመንጋው መሪ የሆነችውን እናት ሰማያዊ እንቁላል ታቅፎ ወደ አምባው ቢመለስ መንጋው ሁሉ ይመጣል። ነገር ግን እንቁላሉን የያዘ ሰው ፊቱን ወደ መንጋው አዙሮ አንድ እርምጃ እንኳ አይራመድ፤ ጥቃት ይመስላቸዋል። አንዲት ክንፍ በፍርሃት ብትነሣ ሁሉም ይነሣሉ። ከዚያ በኋላ መሬት አይረግጡም፤ ሰንደራም ታበቃለች።»

«በዚያ ጉም ውስጥ መንገዱን ማን ያገኛል?» አለች ንግሥቲቱ።

«የጉርዛ ውሻ አፍንጫ። ሌላ የለም።»

አንድ አማካሪ ደረቅ ሳቅ ሳቀ። «ወፍ ሲያይ የሚያብድ ውሻ ይዘን፣ ወፍ ሳናስደነግጥ እንግባ ነው የሚሉት እሜቴ?»

«እኔ ያየሁትን ነው የምናገረው» አለች ዓይነ ስውሯ፤ ማንም መልሶ አልሳቀም።

ንግሥቲቱ ወደ ኬርታ ዞረች። «ውሃው ስንት ቀን ይቆያል?»

«መቶ ሁለት ቀን፣ ንግሥት ሆይ። ሰው አሁን በሚጠጣው ልክ ቢጠጣ።»

«ባነሰ ቢጠጣስ?»

«ከዚህ ያነሰ የሚጠጣ ሰው መቶ ሁለት ቀን አይቆይም።»

በሰንደራ መሐላ የሚጸናው ሰው የራሱን የዕለት ውሃ መሬት ላይ ሲደፋ ነው፤ በድርቁ ዘመን ደግሞ የሚምል ሰው ጠፍቶ ነበር። ኬርታ የዕለት ዋንጫዋን ከመቀነቷ ፈታች፤ በንግሥቲቱ እግር ሥር ገለበጠችው።

«ይህ ውሃ ምስክሬ ነው» አለች። «ውሻውን እኔ አስተምራለሁ፤ ወደ ጭንጋም እኔ እወስደዋለሁ። በእኔ ምክንያት አንዲት ክንፍ በፍርሃት ብትነሣ ሕይወቴ እንደዚህ ትደፋ። ያለ መንጋው በዚህች ከተማ በር አልገባም።»

ውሃው ወደ ንጣፉ ስንጥቅ ገብቶ ሲያልቅ ሁሉም ቆመው አዩ።

ከስልሳዎቹ ውሾች ዘር የተረፈው አንድ ብቻ ነበር። ከቤተ መንግሥቱ ወጥ ቤት ጀርባ በሰንሰለት ታስሮ ይኖራል። ጥቁር ሆኖ ግንባሩ ነጭ ስለ ሆነ ቦራ ይሉታል። የሚጠብቀው አባ ሲምራ ነበር፤ በዚያ የአደን ቀን የአዳኞች አለቃ ሆኖ ውሾቹን የለቀቀው እሱ ነው። ሽማግሌው ስለዚያ ቀን ተናግሮ አያውቅም። ከኬርታና ከእሱ ጋር ወደ ጭንጋ እንዲሄድ የታዘዘው ጦረኛው ወልዳር ደግሞ የማይናገረው ነገር አልነበረም።

በቤተ መንግሥቱ ጓሮ ሦስት ጅግራዎች ቀርተው ነበር። ቦራ ወፍ አይቶ መረጋጋትን የሚማረው በእነዚህ ነው።

«የአዳኝ ሕግ ግልጽ ነው» አለ አባ ሲምራ አለንጋውን እያፍታታ። «ባጉረመረመ ቁጥር ትገርፊዋለሽ። ፀጉሩ በቆመ ቁጥር ትገርፊዋለሽ። ይረሳዋል።»

በስምንተኛው ቀን ቦራ ጅግራ ሲያይ አላጉረመረመም፤ ፀጉሩም አልቆመም። ሽማግሌው ፈገግ አለ። «አየሽ ልጄ? ረሳው።»

ኬርታ ግን ሌላ ነገር አየች። ክፍት የነበረው የውሻው አፍ ተዘግቷል። ጭራው ሳይወዛወዝ ቀጥ ብሏል። የቀኝ የፊት እግሩ ከመሬት አንድ ጣት ያህል ለቅቋል። ልትናገር ስትል ቦራ ዘለለ። ጅግራዋ አንድ ጊዜ እንኳ ሳትጮህ አለቀች።

«ድምፅ ሳያሰማ?» አለ አባ ሲምራ።

«የገረፉት ማጉረምረሙን ነው፤ መፈለጉን አይደለም አባ ሲምራ» አለች ኬርታ። «ማስጠንቀቂያውን ወሰዱበት፤ ጥርሱ ግን አለ።»

ሽማግሌው አለንጋውን ለረጅም ጊዜ አገላብጦ አየው። ከዚያ አጥሩ ላይ ሰቀለው፤ ዳግመኛም አላወረደው።

ኬርታ እንደ አዲስ ጀመረች። ሁለተኛዋን ጅግራ በቅርጫት አድርጋ መቶ ሃያ እርምጃ ራቀች። በዚያ ርቀት ቦራ ወፏን ያያል፤ አፉ ግን አይዘጋም። ጠበቀች። ውሻው ወፏን አይቶ፣ በገዛ ፈቃዱ ዓይኑን ወደ እሷ ሲመልስ፣ የደረቀ ጉበት ቁራሽ ሰጠችው። አየ፤ ተመለሰ፤ በላ። ይህን በቀን ሃምሳ ጊዜ ደጋገመችው። ሃምሳውንም ካልሳተ በማግስቱ አንድ እርምጃ ወይም ሁለት ትቀርባለች፤ አንድ ጊዜ ከሳተ አምስት እርምጃ ትመለሳለች። እያንዳንዱ ቀን በገመዷ ላይ ቋጠሮ ነበረው፤ የሳተበት ቀን ድርብ ቋጠሮ።

«ያን ጉበት ለኔ ብትሰጪኝ እኔም ወፍ አላይም ነበር» ይላል ወልዳር አጥሩ ላይ ተደግፎ።

«አንተ አፍህ ስለማይዘጋ መቼ እንደምትዘል አላውቅም።»

«እውነቷን ነው» ይላል አባ ሲምራ።

ቀጥላም መተኛትን አስተማረችው። መዳፏን ወደ መሬት ስታወርድ ይተኛል፤ እጇን ስታነሣ ይነሣል። በሠላሳ አንደኛው ቀን ከቅርጫቷ የወጣችው ጅግራ በሰማንያ እርምጃ ላይ ስትለቅም፣ አንዲት ዝንብ በኬርታ ዓይን ላይ አረፈች። ሳታስበው እጇን አንሥታ አባረረቻት። ቦራ ተነሣ፤ ተፈቀደልኝ ብሎ። ሁለተኛዋ ጅግራም ሞተች።

በዚያን ቀን ኬርታ ማንንም አልወቀሰችም። ተቀምጣ ስህተቱን ከሥሩ መረመረችው፤ ጥፋቱ የውሻው እንዳልሆነም አወቀች። እጅ ሳይታሰብ ይነሣል፤ ቃል ግን ሳይታሰብ አይወጣም። ስለዚህ ከዚያ በኋላ ቦራን ከተኛበት የሚያስነሣው በእሷ ድምፅ የሚነገር አንድ ቃል ብቻ እንዲሆን አደረገች፤ «በቃ» የሚል። እጅ ቢወዛወዝ፣ ሌላ ሰው ቢጠራው፣ ወልዳር ድስት ቢጥል፣ ያ ቃል ካልመጣ አይነሣም።

«በረግረጉ ውስጥ ድምፅ ማሰማት የማትችይበት ሰዓት ቢመጣስ?» አለ አባ ሲምራ።

«አጠገቡ ሄጄ በጆሮው እነግረዋለሁ።»

ሽማግሌው አንገቱን ነቀነቀ፤ መልሱ በቂ መስሎት።

በሰባ ስምንተኛው ቀን ሦስተኛዋ ጅግራ በቦራ የፊት እግሮች መካከል ገብታ እህል ለቀመች። ቦራ አያት። አፉ ክፍት ነበር። ከዚያ ዓይኑን ወደ ኬርታ መለሰ። እሷም ጉበቱን ሰጠችው። ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደሆነ አታውቅም እንጂ ከዕለት ውሃዋ ሲሶው የእሱ ሆኖ ነበር፤ ይህን በገመዷ ላይ አልቋጠረችውም።

ገንዳው የሃያ አራት ቀን ውሃ ሲቀረው ሄዱ።

ስድስት ቀን በደረቀ ምድር ተጓዙ። የተሻገሯቸው መንደሮች በራቸው ክፍት፣ ውስጣቸው ባዶ ነበር። በአንዱ ውስጥ አንዲት ሴት ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አዩ፤ ኬርታ ውሃ ልትሰጣት ስትጎነበስ ከሞተች መቆየቷን አወቀች። ከዚያ በኋላ ወልዳርም መቀለድ ተወ።

በሰባተኛው ቀን ጉሙ ጀመረ። እርስ በርስ በጠፍር ተሳስረው፣ ከፊት ቦራን አድርገው ገቡ። የጭንጋ ጭቃ ሕይወት አለው፤ የሚራመደውን ያሳልፋል፣ የሚቆመውን ቀስ ብሎ ይይዛል። ወልዳር ጦሩን ለማስተካከል ጥቂት ቢቆም እስከ ጉልበቱ ዋጠው፤ ሁለቱ ጎትተው አወጡት።

«ጫማዬን በላው» አለ እያለከለከ። «እግሬን ግን ቀምሶ ተፋው። ሰው የሚያውቅ ጭቃ ነው።» ኬርታ ከሦስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

በዘጠነኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ቦራ ቆመ። አፉ ተዘጋ፤ የቀኝ እግሩ ከመሬት ለቀቀ። ከዚያ ማንም ምንም ሳይለው ዞሮ ኬርታን አየ። ጉበቱን ሰጠችው። ጥቂት ሲራመዱ ጉሙ ሳሳ፤ ከፊታቸው ዝቅ ያለ ደረቅ ዳርቻ፣ ከዳርቻው ወዲያ የቄጠማ ጎጆዎች፣ ከጎጆዎቹም ወዲያ ከረግረጉ የሚያወጣ ረጅም የድንጋይ ሸንተረር ታየ። በጎጆዎቹ ላይ ሻሊቶች ተቀምጠው ነበር። አንገታቸው በጉሙ ውስጥ እንደ ፍም ይቀላል። ብዙዎቹ ጫጩት ነበራቸው።

መንጋው ውሻውን አየ። ሁሉም አንገት በአንድ ጊዜ ቀና አለ። ኬርታ መዳፏን ወደ መሬት አወረደች። ቦራ ባለበት ዳርቻ ላይ ተኛ፤ አገጩንም መሬት ላይ አሳረፈ። ወፎቹ ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ አንገቶቹ አንድ በአንድ ዝቅ አሉ።

ሰባ ስምንት ቀን የደከመችበት ነገር ሆነ። ኬርታ የተመለከተችው ወፎቹን ብቻ ነበር፤ የእያንዳንዱን አንገት፣ የእያንዳንዱን ክንፍ። ከቦራ ጀርባ የቆመውን ሸምበቆ አላየችም። በሸምበቆው ላይ፣ ከሰው ወገብ ከፍ ብሎ፣ ጥቁር መስመር ነበር፤ ውሃ በየቀኑ እየወጣ የሚተወው መስመር። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ያለውን መስመር ከሩቅ የምታውቅ የውሃ ለኪ ነበረች። በዚያን ቀን ግን አላየችውም።

ጠፍሩን ፈትተው በጎጆዎቹ ጠርዝ አልፈው ወደ ሸንተረሩ ወጡ። የእናቲቱ ጎጆ በሸንተረሩ ጫፍ ነበር። ኬርታ ተንበረከከች፤ እጇን ከላባው ሥር አገባች፤ ሰማያዊውን እንቁላል አውጥታ ደረቷ ላይ አደረገችው። ይሞቅ ነበር። እናቲቱ ቀና ብላ አየቻት፤ ተነሣችም፤ በሁለት እርምጃ ርቀት ከኋላዋ ቆመች። ከዚያ መንጋው ሁሉ ተነሥቶ በሸንተረሩና በዳርቻው መካከል ያለውን ስፍራ ሞላው።

ኬርታ ወደ ኋላዋ ስታይ የዳርቻው ደረቅ መሬት እየጠቆረ ነበር። ውሃው ከሥር ይመጣ ነበር።

መጀመሪያ የቦራን መዳፎች ነካ፤ ከዚያ ደረቱን። ደረቁ አፈር ጭቃ ሆነ። በዳርቻው የነበሩ አራት ጫጩቶች የሚቆሙበት ሲያጡ በውሻው ጀርባ ላይ ወጡ። ቦራ አንገቱን አዙሮ አያቸው። ከዚያም በመቶዎች በሚቆጠሩ ወፎች ላይ አሻግሮ ዓይኑን ወደ ኬርታ መለሰ።

«ጥሪው» አለ ወልዳር በሹክሹክታ። «አሁን ከጠራሽው ይነሣል። ገና አልያዘውም።»

አፏን ከፈተች። ከተነሣ አራቱ ጫጩቶች ይወድቃሉ፤ ከወደቁ እናቶቻቸው ይነሣሉ። ወደ እሱ ልሂድ ብትል ፊቷን ወደ መንጋው አዙራ መራመድ ነው። ሌላ ሰው ቢሄድም በተጨናነቀው መንጋ መካከል ማለፍ አለበት፤ ክንፍ ይነሣል። በሹክሹክታ ብትለው አይሰማም። ያን ቃል በራሷ እጅ ብቸኛ መፍቻ አድርጋዋለች፤ በጥንቃቄ፣ በስሌት፣ ስህተት እንዳይገባበት። በሐሳቧ ያ ዘንግ ወደ ገንዳው ወረደ። ስድስት ቀን። ከአምባው ሲደርሱ በገንዳው የሚቀረው የስድስት ቀን ውሃ ነው።

አፏን ዘጋች።

አባ ሲምራ ኩታውን አወለቀ፤ ወደ ውሃው ሊወርድ እግሩን አነሣ። «እኔ ራሱን ቀና አድርጌ እይዝለታለሁ» አለ። ፊቱ የሕፃን ፊት መስሎ ነበር። ኬርታ ነፃ እጇን ዘረጋች፤ መዳፏንም ወደ መሬት አወረደች። የቀድሞው የአዳኞች አለቃ ምልክቱን አየ፤ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለ።

እናቶቹ ጫጩቶቻቸውን መጥራት ጀመሩ። ጥሪው ቀስ ያለ፣ ከጉሮሮ የሚወጣ ነበር። የመጀመሪያዋ ጫጩት ከውሻው ጀርባ ወደ ቄጠማው ለመዝለል ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ቦራ አያት፤ ወደ ኬርታም ተመለሰ። ሁለተኛዋ ዘለለች። አያት፤ ተመለሰ። በተመለሰ ቁጥር ዓይኑ የሚጠብቀውን ይጠብቅ ነበር። ጉበቱ በኬርታ ከረጢት ውስጥ ነበር፤ በመካከላቸው መቶ ሃያ እርምጃ ያህል ነበር፤ ሁሉ ነገር የተጀመረበት ርቀት። ኬርታ ሳትፈልግ ቆጠረች፤ መቁጠር መተው አታውቅም። ሃያ ሦስት ጊዜ ወደ እሷ ተመለሰ። አንድም ጊዜ አልሳተም።

በመጨረሻ ከውሃው በላይ የቀረው ነጩ ግንባሩ ነበር፤ በግንባሩም ላይ አራተኛዋ ጫጩት። እሷም ዘለለች። ቄጠማውን ይዛ ወጣች፤ እናቷም በምንቃሯ ጠረገቻት።

አንዲት ክንፍ በፍርሃት አልተነሣችም።

«እንሂድ» አለች ኬርታ። ድምፅዋ ከሌላ ሰው የመጣ ይመስል ነበር። ጀርባዋን ለመንጋው ሰጥታ መራመድ ጀመረች። ሻሊቶችም ተከተሏት፤ ጉሙም ከመሬት እየተነሣ ሻሊቶችን ተከተለ።

ከዚያ በዘጠነኛው ቀን የሰንደራ ሰዎች ወደ ግንቡ ወጥተው ወደ ምዕራብ ሲያዩ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ከጥቁሩ ሰማይ ሥር ሦስት ሰዎች በእግራቸው ይመጣሉ፤ በላያቸው መንጋው በዝግታ ይበርራል። ኬርታ እንቁላሉን በአምባው ላይ ስታስቀምጥ የመጀመሪያው ጠብታ በእጇ ጀርባ ላይ ወደቀ። ሕዝቡ ዕቃውን ሁሉ ወደ ደጅ አወጣ። ዘፈኑ እስከ አምባው ተሰማ።

ንግሥት ኦፍራት በዝናቡ መካከል ራሷ ወጣች። «መሐላሽን ፈጽመሻል» አለች። «ሰንደራ የምትሰጥሽ ነገር ያንስሻል። ቢሆንም ጠይቂኝ።»

«የአሥራ ስምንት ቀን ፈቃድ፣ ንግሥት ሆይ። ዘጠኝ ለመሄድ፣ ዘጠኝ ለመመለስ። ገንዳውን አባ ሲምራ ይለኩልኝ።»

ንግሥቲቱ ወዴት ብላ ልትጠይቅ ነበር፤ የልጅቷን ፊት አይታ ተወችው።

ኬርታ ብቻዋን ሄደች። ጭንጋ ጉም አልነበረበትም፤ ደመናው ወደ ቤቱ ሄዷል። ፀሐይ የሚያበራው ተራ ረግረግ ነበር። ዳርቻውን በቀላሉ አገኘችው፤ በዚያ ሰዓት ውሃው ወርዶ ደርቆ ነበር። የጭቃው ገጽ ልሙጥ ነበር፤ ምንም ምልክት አልነበረበትም።

ወደ ሸምበቆው ሄዳ በጥቁሩ መስመር አጠገብ ቆመች። ዘንጓን አቆመች፤ ለካች። ሁለት ክንድ ከአንድ ስንዝር። በገመዷ ላይ ድርብ ቋጠሮ አሰረች፤ የስህተት ቋጠሮ። ከዚያ ከረጢቷን ፈትታ ሃያ ሦስት ቁራሽ ጉበት በመሬቱ ላይ አኖረች፤ አንድ በአንድ፣ የቦራ ራስ በነበረበት ስፍራ።

አሁን በአካባቢው የምትደነግጥ ወፍ አልነበረችም። ኬርታ ቀና ብላ ቆመች፤ እስከ ሸንተረሩ በሚሰማ ድምፅ ቃሉን ተናገረች።

«በቃ።»

ጠበቀች። ሁልጊዜ እንደምታደርገው እስከ ሃምሳ ቆጠረች። ከጭቃው ውስጥ የተነሣ ነገር አልነበረም። ውሃው ከሥር መምጣት ሲጀምር እንደገና ተናገረችው።